«አታስቢ» ሲሉኝ ይብስብኛል፤ ልቤን እንዴት ላሳርፈው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልቤ አላርፍ ካለ ስምንት ወር ሆነኝ። ሪፖርት ከላክሁ በኋላ ‹ተሳስቼ ይሆን› እያልኩ ሌሊት ተነስቼ ላፕቶፕ እከፍታለሁ። ቡታጋዝ ዘግቼ ይሁን አይሁን ተጠራጥሬ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት የተመለስኩበት ቀን አለ። ደሴ ያለችው እናቴ ጋ በቀን አራት አምስት ጊዜ እደውላለሁ፤ ካላነሳች እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ክሊኒክ ሄጄ ልቤ ተመርምሮ ‹ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ አታስቢ› ተባልኩ። ባለቤቴም የሚለኝ ይህንኑ ነው። እናቴ ጠበል ግቢ ትላለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የምትወስደውን የእንቅልፍ ኪኒን ላካፍልሽ ብላኛለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዕድሜ ታላቅሽ ስለምሆን «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከ«አታስቢ» እንጀምር። ቃሉን እኔም ብዬዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል። በቅን ልብ «እማማ፣ ብዙ አያስቡ» አልኳቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ትንሽ አዩኝና «ልጄ፣ አለማሰብ ብችል እዚህ ምን አመጣኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለታካሚ ተናግሬ አላውቅም።

ሐሳብ ውጣ ስላሉት አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን በቀላል ሙከራ አሳይቷል። ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ በአእምሯቸው የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። «ስለ ነጭ ድብ ብቻ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉን ደጋግመው መቱት። የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ። «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ድቡ በእነዚህ ላይ በዛ። ሐሳብን የሚያባርር ሰው «ሄደ ወይስ አልሄደም?» እያለ ሲጠብቀው ይውላል። ስለዚህ «አታስቢ» ሲሉሽ የሚብስብሽ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም።

የልብ ምርመራሽ ደህና መሆኑ እውነት ነው። ልብሽ ድው ድው ማለቱም እውነት ነው። ሁለቱ አይጋጩም። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማሽተት ነው። አደጋ መስሎ ከታያት ሰውነት አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይላወሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ለእሷ በር ላይ የቆመ ጅብና ያልተነሳ ስልክ ብዙም አይለያዩም። ክሊኒኮቹ «ምንም የለብሽም» ከሚሉሽ «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ የማንቂያ ደወልሽ ግን በትንሹም በትልቁም እየጮኸ ነው» ቢሉሽ ይሻል ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትኩረቴን የሳበው ከሐሳቦቹ ይልቅ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር የምታደርጊው ነገር ነው። ላፕቶፕ መክፈት። ከታክሲ መውረድ። መደወል። ባለቤትሽን መጠየቅ። ሁለተኛ ክሊኒክ መሄድ። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ናቸው፦ እርግጠኛ ለመሆን መሮጥ።

ሐሙስ ሌሊት ነው እንበል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ልጅሽ እንዳይነቃ የላፕቶፑን ብርሃን በነጠላ ትከልያለሽ። መስመር በመስመር ትወርጃለሽ። ከታች ያለው ድምር ቀን ያየሽው ራሱ ነው። እፎይ! ትከሻሽ ይላላል። ተመልሰሽ ትተኛለሽ። ብርድ ልብሱ ሳይሞቅ «ግን የተላከው ፋይል ይሄ ነው ወይስ የቀድሞው?» ይመጣል። እንደገና ትነሻለሽ።

ችግሩ ያለው እዚያች «እፎይ» ውስጥ ነው። አንጎልሽ ከእሷ የሚማረው «አደጋ ነበረ፤ የዳንነው ስላየነው ነው» የሚል ትምህርት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ጮሆ ይጠራሻል። ባታዪውም ምንም አይፈጠር እንደነበር የሚማርበት ዕድል አያገኝም። የጨው ውሃ ጠጥቶ ጥም ለመቁረጥ እንደመሞከር ነው። ደግሞ የሚፈለገው እርግጠኝነት በማንም እጅ የለም። እናትሽ በ4 ሰዓት «ደህና ነኝ» ብትልሽ ስለ 5 ሰዓት የምታውቂው ነገር የለም። ስለዚህ በ5 ሰዓት ትደውያለሽ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሐሳቡን ተይው፤ ይምጣ። የምትቀንሺው ማረጋገጡን ነው።

ከሪፖርቱ ጀምሪ። ሥራሽ ሒሳብ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማመሳከር ግዴታሽ ነው፤ እሱን አልነካብሽም። ግን ቀን ላይ ይሁን፣ ቢሮ ተቀምጠሽ፣ የምታዪውን ነገር አስቀድመሽ በወረቀት ዘርዝረሽ። ስትጨርሺ «አይቻለሁ፣ 10፡20» ብለሽ ጻፊና ላኪው። ላፕቶፑ ቢሮ ቢያድር ይመረጣል። ቤት መምጣት ካለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ይደር። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ አትታገዪው፣ መልስም አትስጪው። «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ላልሳሳትም እችላለሁ፤ ጠዋት ቢሮ ስገባ ይታወቃል» በይ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስትይ መጀመሪያ ሆድሽ ይላወሳል። ይላወስ። ጭንቀት ዳገት አለው፣ ቁልቁለትም አለው። ካልነካካሽው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። በአንዴ መተው ካቃተሽ አዘግዪው፤ ዛሬ 15 ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ሰዓት። ብዙ ሰው ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ የመነሳት ጉጉቱ ቀንሶ ያገኘዋል።

ቡታጋዙን ስትዘጊ እጅሽ እዚያው እንዳለ «ዘጋሁት» በይ፣ በድምፅ። ከዚያ መንገድሽን ቀጥዪ። በስልክ ፎቶ አንስተው ታክሲ ውስጥ የሚያዩ ታካሚዎች አሉኝ። መላ ይመስላል፤ ግን ፎቶውም ማረጋገጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ፎቶው የትናንት ይሆን?» ይመጣል።

እናትሽ ጋ በቀን አንድ ጊዜ ደውዪ። ሰዓት ቁረጪለት፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ለእሷም አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ድንገት ጠፋሽ ብላ እንዳትሰጋ። ስትደውዪ «ደህና ነሽ? እርግጠኛ ነሽ?» የሚለውን ተይና ምን እንደሠራች፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠይቂያት። ስምንት ወር ሙሉ ከእናትሽ ጋር ያወራሽ ይመስልሻል፤ ስታጣሪ ነው የከረምሽው። ካላነሳች እስከ ቀጣዩ ቀን ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመሽ ሞክሪ። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል፣ ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል» እያልኩ ምክንያት ልደረድርልሽ እችል ነበር። አላደርገውም። እሱም ማረጋጊያ ነው።

ይህን አንቀጽ ለባለቤትሽ አስነብቢው። ወንድሜ፣ «ምንም አይሆንም፣ አታስቢ» የምትላት ስለምትወዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ቃል ሌሊት እንደምትከፍተው ላፕቶፕ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ያሳርፋትና ደግሞ ያስጠይቃታል። በሚቀጥለው ጊዜ «ትክክል ነው የሠራሁት አይደል?» ስትልህ አትቆጣት፣ አታረጋግጥላትም። «ይሄን የጠየቀኝ ጭንቀቱ ነው። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ነይ አብረን እንቀመጥ» በላት። እጇን ያዝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ አብሮ መቀመጥ የበለጠ ይጠቅማታል። ይህን ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ አለዚያ ድንገት የተውካት ይመስላታል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ማረጋገጡ ተደማምሮ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብሽ ከሆነ፣ ወይም በቁጥር ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ካላየሽ እረፍት የማይሰጥሽ ከሆነ፣ ለሚያይሽ ሐኪም ይህንን ለይተሽ ንገሪ። የሕመሙ ስምም ሕክምናውም በመጠኑ ይለያል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንካ።

ሐሳብሽን ቀጠሮ ስጪው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ወንበር ላይ፣ ደብተር ይዘሽ። አልጋ ላይ አይሁን። ቀን የመጣውን ሁሉ «12 ሰዓት ላይ» ብለሽ አሳድሪው። ሰዓቱ ሲደርስ ጻፊ። ነገ በእጅሽ የምትሠሪው ነገር ካለ ከጎኑ አንድ እርምጃ አስቀምጪ። ከሌለ ጻፊውና እለፊው። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ የሞከረው ግን ብዙ ጊዜ «ቀጠሮው ሲደርስ የምጽፈው አጣሁ» ብሎ ይመጣል።

ስለ ትንፋሽ። ስትጨነቂ «በደንብ ተንፍሺ» ብለውሽ አየር በትልቁ ስበሽ ከንፈርሽና ጣትሽ ደንዝዞ፣ አዙሮሽ ያውቃል? ብዙ አየር በፍጥነት ሲገባና ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል። መደንዘዙ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ልብ ድካም አይደለም። የሚያረጋጋው ትልቅ ትንፋሽ ሳይሆን ዝግ ያለና ሲወጣ የሚረዝም ትንፋሽ ነው። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፉ ረዝሞ ልብሽ መምታት ሲጀምር እንዲህ አድርጊ። አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ፣ እስከ 4 እየቆጠርሽ፣ ሆድሽ ገፋ እስኪል አስገቢ። ከዚያ በብርጭቆ የቀረበ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርሽን ጠበብ አድርገሽ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። በደቂቃ 6 ጊዜ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል፤ ያንን ነው የምናራዝመው። ከፊትሽ ያለው ሰው የምታደርጊውን አያውቅም። ደህና በሆንሽበት ሰዓት ቤት ተለማመጂው፤ ዋና ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አይለመድም።

ቡናን ተይ ብል አትሰሚኝም፣ እኔም አልልሽም። ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ማውራት ራሱ ለጭንቀት መድኃኒት ነው። ግን ሒሳብ ታውቂያለሽና ይህን አስቢው። የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት የጠጣሽው ማኪያቶ ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና አብሮሽ አለ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ይህን ብዙ ሴቶች አያውቁትም። ስለዚህ ቡናሽ ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ። ከሰዓት በኋላ ቡና ከተፈላ አቦሏን ቅመሺና ቶናውንና በረካውን በጨዋታ እለፊ። በአንድ ቀን ቆርጠሽ አትተይው፤ ራስ ምታቱ ያንገላታሻል። በሳምንት አንድ ስኒ እየቀነስሽ ሂጂ።

ማታ 20 ደቂቃ ያህል ተኝተሽ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ውረጂ። ሰዓት አትዪ፣ ስልክ አትንኪ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠሽ ልብስ እጠፊ፣ ወይም የማያጓጓ ነገር አንብቢ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ምንም ያህል ብታመሺ ጠዋት የምትነሺበት ሰዓት አይለወጥ። አልጋ የማሰቢያ ቦታ ሆኖ ከለመደ ሰውነትሽ ገና ስትጋደሚ ይነቃል። ይህን ልማድ ነው የምንሰብረው።

ደግሞ ተራመጂ። ከሥራ ስትወጪ ከሜክሲኮ ታክሲ አትያዢ። እስከ ለገሃር በእግርሽ ሂጂ፤ ጊዜ ካለሽ እስከ ስታዲየም ቀጥዪና ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን ከዚያ ፈልጊ። ፈጠን ብለሽ፣ ማውራት እየቻልሽ ግን መዝፈን እስከማትችዪ ድረስ። ሐሳብሽ ይዞሽ ጭልጥ ሲል ዓይንሽን መልሺው። ለገሃር ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ፤ ስንት ጊዜ አልፈሽዋል፣ ዘውዱን አስተውለሽው ታውቂያለሽ? ከኋላው የድሮው የባቡር ጣቢያ አለ። ሎተሪ አዟሪው ምን እያለ ይጣራል? እንዲህ ቀልብን ደጋግሞ መመለስ እንደ ጡንቻ የሚዳብር ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ከተራመድሽ ሞላ ማለት ነው።

ስለ ጠበሉ። እምነትሽ ከሆነ ግቢ። ጸሎትም ጠበልም ከሕክምና ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱን መርጠሽ ሌላውን የምትጥዪበት ምክንያት የለም። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። መድኃኒት ከጀመርሽ ጠበል ገባሁ ብለሽ አታቋርጪ። በጾም ምክንያት የምትወስጂበት ሰዓት መለወጥ ካለበት ደግሞ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ብዙውን ጊዜ ማስተካከል ይቻላል።

ስለ ባልደረባሽ ኪኒን ግን ቆፍጠን ብዬ እናገራለሁ። አትውሰጂ። ለእንቅልፍ በየሰው እጅ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም ወይም የእሱ ዘመድ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ግሩም ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑ ይጨምራል። ሲቋረጥ ጭንቀቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። በሐኪም እጅ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ቦታ ያለው መድኃኒት ነው። ከቦርሳ ወጥቶ የሚታደል አይደለም።

ሐኪም ጋ መሄድ አለብሽ ወይ? አዎ። ከስድስት ወር በላይ በአብዛኛው ቀን የዘለቀ፣ መቆጣጠር ያቃተ፣ እንቅልፍና ሥራ የነካ ጭንቀት የሚታከም ሕመም ነው። አንቺ ስምንት ወር ሆኖሻል። መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረግልሽ፤ በተለይ የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ። እንቅርት ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቁርጥ ጭንቀትን ይመስላል። ልብሽን ሲመረምሩ ይህን አይተው እንደሆነ አልነገርሽኝም።

መሀል ከተማ ስላለሽ ሩቅ አትሄጂም። ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤልም አለ። አማኑኤል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ ስድብ ሆኖ ስንት ሰው ከሕክምና አስቀርቷል። ይህ ያሳዝነኛል። በተመላላሽ ክፍል ወረፋ የሚጠብቁት ከሥራ አስፈቅደው የመጡ መምህራን፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ናቸው። ታክመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የንግግር ሕክምናው ከላይ የጻፍኩልሽን በባለሙያ እየተደገፍሽ ደረጃ በደረጃ የምትሠሪበት ነው። ብዙውን ጊዜ ወራት እንጂ ዓመታት አይወስድም። መድኃኒት ካስፈለገ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። እንደ ዲያዜፓም ሱስ አያስይዙም። ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መቅበጥበጡ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው ያኔ ነው። ሳትጥዪው ሐኪሙን አማክሪ። ሲሻልሽም በራስሽ አታቋርጪ፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ምናልባት መኖር ያስጠላሽ፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ የመጣብሽ ቀን ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለባለቤትሽ ንገሪው። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አብሮሽ በቅርብ ወዳለው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት እንድታደርጊ አልጠብቅም። የደም ምርመራውንና የሐኪም ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ። ከማረጋገጡ ደግሞ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ እኔ ብሆን ሪፖርቱን እመርጣለሁ። ቀን ላይ አንዴ አይተሽ፣ ሰዓቱን ጽፈሽ ላኪው። ሌሊት ስትነቂ ላፕቶፑ ቢሮ ነው። ትገላበጫለሽ፣ ልብሽ ይመታል፣ ይነጋል። ስንቱን ሌሊት ሪፖርቱን ሳታዪ እንዳሳለፍሽ በደብተርሽ ምልክት አድርጊ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ ስለ እናትሽ ስልክ ከዚያ እንቀጥላለን።